ጄሪካኑ እስኪወድቅ

በመጋቢቱ የተኩስ ፈተና ፈይዛ ከሃያ ጥይት ኢላማው ላይ ያሳረፈችው ዘጠኙን ብቻ ነበር። ማለፊያው አሥራ አራት ነው። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ በወንዙ ዳር ባለው የተኩስ ሜዳ አሥራ አንድ የጥበቃ ሠራተኞች ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ ከመካከላቸው ሴት እሷ ብቻ ነበረች። አሠልጣኙ ደሳለኝ ወረቀቱን ከኢላማው ነቅሎ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ጥይቱም እጇን አላመነውም፤ በየፊናው ነው የሸሸው» አለ።

ሰዎቹ ሳቁ። ፈይዛ አልሳቀችም።

የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበረች። የማሾ መጋዘኖችን የሚጠብቅና ጭነት የሚያጅብ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት ሠርታለች፤ ሦስቱን ዓመት ፈተናውን ያለ ችግር ነው ያለፈችው። ባለፈው ዓመት ግን የባሏ የሙዓዊያ ባጃጅ ከካራቆሬ ሲመለሱ ተገለበጠና የግራ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። ጀሶው ከተፈታ በኋላ አጥንቱ ገጠመ፣ ኃይሉ ግን አልተመለሰም። ሽጉጥ ስትተኩስ ቀኝ እጅ ይይዛል፣ ግራው ከላይ አቅፎ ይጨምቃል። የእሷ ግራ እጅ ከአምስተኛው ጥይት በኋላ ይላላ ጀመር። ሽጉጡ በተኮሰች ቁጥር እጇ ውስጥ እየዞረ፣ እንደገና እያስተካከለች፣ እንደዚያ እያለ ነው ዘጠኝ ላይ የቀረው።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ደሳለኝ ጠራት። የቀድሞ ወታደር ነው፤ ሃምሳዎቹን አጋምሷል። ሁሉም ጋሽ ይለዋል፣ እሷም አንቱ ነው የምትለው።

«እጅሽ የሴት እጅ ሆነ» አላት።

«የተሰበረ እጅ ነው እንጂ የሴት እጅ አይደለም፣ ጋሽ ደሳለኝ።»

«ምክንያት አልጠየቅኩሽም። የሚያዝያ መጨረሻ ላይ ትደግሚያለሽ። እስከዚያ ይህን ሥሪ።» ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን እስከ ግማሽ አሸዋ ሞላና በሁለት እጇ አስያዛት። «እስኪወድቅ ትይዣለሽ። በቀን አሥር ጊዜ። ከዚያ ጠጠሩ ላይ በጣት ፑሽአፕ። አንድ ቀን ካቋረጥሽ ከዜሮ ነው የምትጀምሪው።»

ፈይዛ በንዴት ነበር የጀመረችው። ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት በመጋዘኑ ግቢ ጄሪካኖቹን አንስታ ትቆማለች፤ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ የሳቁት ሰዎች ጥርስ ይታያታል። ጄሪካኑ ሲወድቅ እንደገና ታነሳዋለች። አሥር የተባለውን አሥራ ሁለት ታደርገዋለች። በዘጠነኛው ቀን በግራ አውራ ጣቷ ሥር፣ አንጓው ላይ፣ እንደ መርፌ የሚወጋ ነገር ጀመራት። ለደሳለኝ ነገረችው።

«እሱ ድክመቱ እየወጣ ነው» አለ። «ዝም ብለሽ ያዢ።»

ዝም ብላ ያዘች። በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት የመጋዘኑን ቁልፍ በግራ እጇ ማዞር አቃታት። በቀኟ አዞረችው። ማታ የልጇን ቀሚስ አጥባ ስትጨምቅ ሕመሙ እስከ ክርኗ ወጣና ቀሚሱን ሳፋው ውስጥ ጣለችው። ሙዓዊያ ወጥቶ ጨመቀላት።

«ተይው ይሄን ነገር» አላት።

«አንተ ነህ የገለበጥከኝ» አለችው። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ቆጫት፤ እሱ ግን ቀሚሱን ወስዶ አሰጣው።

በማግስቱ መናኸሪያው አጠገብ ማንጎ ልትገዛ ቆመች። የምትሸጠው ሂዳያ ነበረች፤ ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው ድርጅት ውስጥ አብራት ሠርታለች። ሂዳያ ፌስታሉን ስታቀብላት ዓይኗ ያበጠው እጅ ላይ ቀረ።

«አንቺንም ጄሪካን አስይዞሽ ነው?»

ፈይዛ ደነገጠች። «አንቺንም ማለት ምን ማለት ነው?»

ሂዳያ የራሷን ቀኝ እጅ ዘረጋች። አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ አይታጠፍም፤ ግትር ብሎ ቀርቷል። «አንድ ወር ተኩል ያዝኩ። አብጧል ስለው ሥሪ አለኝ። በመጨረሻ ሽጉጡን ማንሳት አቃተኝ፣ ፈተናውን ወደቅኩ። ለሥራው ብቁ አይደለችም ብለው ወረቀት ሰጡኝ። እስካሁን ቢላዋ በግራዬ ነው የምይዘው። ተሰማም እንደዚሁ ነው የወጣው፣ ያ ረጅሙ ልጅ።»

«ተሰማ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ ነው ያሉን።»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን?» አለች ሂዳያ፤ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረች።

ፈይዛ ማንጎውን ይዛ ቆመች። እስከዚያን ዕለት የተናደደችው በእጇ ነበር። ሰነፈብኝ፣ አዋረደኝ ብላ የገዛ እጇን ስትረግም ነው የከረመችው። አሁን ንዴቷ ትክክለኛ ቦታውን አገኘ። በቀጥታ ሄዳ ደሳለኝን ልታንቀው ፈለገች። ከዚያ አሰበች። ፈተናውን ሳታልፍ ብትናገር የወደቀ ሰው ምክንያት ነው የሚሉት። መጀመሪያ ማለፍ አለባት።

በሚቀጥለው ቀን ፈቃድ ጠይቃ በሚኒባስ ደብረ ሲና ወጣች። ዳገቱ ላይ ብርድ ተቀበላት፤ ነጠላዋን ደርባ ሆስፒታሉ ገባች። የተቀበለቻት ፊዚዮቴራፒስት ማህሌት ትባላለች፤ በዕድሜ እኩያዋ ብትሆን ነው። አውራ ጣቷን በአራቱ ጣቶቿ ውስጥ እንድትጨብጥና እጇን ወደ ትንሿ ጣት በኩል እንድታዘነብል ጠየቀቻት። ፈይዛ ገና ስትጀምር ጮኸች።

«ጅማቱ ሽፋኑ ውስጥ አብጦ ነው» አለች ማህሌት። «ምን ስትሠሪ ነበር?»

ፈይዛ ነገረቻት። ማህሌት መጻፏን አቁማ ቀና አለች።

«በየቀኑ? በተሰበረ እጅ?»

«በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መተኮስ አለብኝ፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም። በአሥራ አምስት ቀንም አትተኩሺም።»

«እንግዲያው ለምን መጣሁ?»

«እጅሽ እንዲተርፍ ነው የመጣሽው» አለች ማህሌት፤ እሷም ቆጣ አለች። «ስሚኝ። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፤ ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ቀስ ብለው ነው የሚከተሉት። አንቺ በየቀኑ እስኪወድቅ ስትይዢ የሚያገግምበት ጊዜ አልሰጠሽውም። የክንድሽ ጡንቻ ከደከመ የሥራ ድካም ነው። መገጣጠሚያው ላይ ከወጋሽ ግን እዚያው ታቆሚያለሽ። ሁለቱን ካልለየሽ አንድ ቀን ሲኒ እንኳ አታነሺም።»

የእጅ መደገፊያ አሰረችላት፣ ለመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ ጻፈችላት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድትመለስ አዘዘቻት። ፈይዛ ቁልቁል ስትወርድ በማህሌትም ተናዳ ነበር። እውነቱን ስለነገረቻት።

ሥራ አስኪያጁ አብዱልሰመድ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ፈተናውን ወደ ሰኔ አሸጋገረላት፤ እስከዚያ በር ላይ ፈታሽ እንድትሆን መደባት። ደሳለኝ በበሩ ሲያልፍ፣ «በወረቀት የሚተኮስ መስሎሻል?» አላት። ጥርሷን ነክሳ መኪናውን ፈተሸች።

ሁለት ሳምንት ምንም ሳትሠራ መቆየት ከጄሪካኑ በላይ ከበዳት። ከዚያ ማህሌት ጥቂት በጥቂት ፈቀደችላት። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጣቶቿን ማፍታታት። ቀጥሎ እርጥብ ስፖንጅ በቀስታ መጭመቅ። ጣቶቿ ላይ የፀጉር ላስቲክ አድርጋ ወደ ውጭ መክፈት። «ሁሉም መጨበጥ ብቻ ያስባል» ትላታለች ማህሌት፤ «የሚከፍተው ጡንቻ ሲሰንፍ ነው አንጓው የሚጎዳው።» ፈይዛ ከመጋዘኑ ጥራጊ ማሾ በባልዲ ወሰደች። እጇን እስከ አንጓዋ ቀብራ ትጨብጣለች፣ ትከፍታለች፣ ታዞራለች። ማሾው ቀዝቃዛ ነው፤ በዚያ ሙቀት ደስ ይላል። በግንቦት ጄሪካኑን እንደገና ያዘች፤ ሩብ አሸዋ ብቻ፣ አንጓዋን ሳታጥፍ፣ እስከ አሥራ አምስት እየቆጠረች። ሳይወድቅ ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን ሠርታ አንድ ቀን ታርፋለች። ባረፈችበት ቀን ንዴቷ ይበዛል፤ ሙዓዊያ አይቷት ቀስ ብሎ ከቤት ይወጣል። ማህሌት የሰጠቻትን፣ ጥይት በሌለው ሽጉጥ አያያዝ የምትለማመድበትን የሥዕል ወረቀት ግን ባጃጁ ውስጥ የለጠፈላት እሱ ነው።

ወረቀቱ ላይ ማህሌት በእጇ የጻፈችው አንድ መስመር ነበር፤ «እስኪንቀጠቀጥ አትጨብጪ።» ፈይዛ የገባት ዘግይቶ ነው። በመጋቢት የወደቀችው ስላልጨበጠች ብቻ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ጥይት ያላትን ኃይል ሁሉ አውጥታ ስለጨበጠች፣ ለስድስተኛው ምንም አልተረፋትም።

ሰኔ ሁለተኛው ሳምንት ላይ እዚያው ሜዳ ቆመች። አብዱልሰመድም መጥቶ ነበር። ቢስሚላህ አለች። ቀኟን አስቀመጠች፣ ግራዋን አቀፈች፣ አውራ ጣቶቿን ወደ ፊት አስተኛች። አሥረኛው ጥይት ላይ እጇ አልዞረም። አሥራ አምስተኛው ላይ ክንዷ ጋለ፣ አንጓዋ ግን ዝም አለ። ሲያልቅ አሥራ ሰባቱ ኢላማው ላይ ነበሩ።

ሰዎቹ አጨበጨቡ። ደሳለኝ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደ። «አዩ አይደል፣ አቶ አብዱልሰመድ» አለ፤ «ጄሪካኑ ነው ይህን የሠራው። መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ በኋላ ያመሰግናሉ።»

ፈይዛ ሽጉጡን አራግፋ አስቀመጠች። ወደ እነሱ ተራመደች።

«ዋሽተሃል» አለችው።

አራት ዓመት አንቱ ስትለው ኖራ አንተ ስትለው ሁሉም ሰምቷል።

«ምን አልሽ?»

«ዋሽተሃል። ያንተ ጄሪካን ሁለት ወር ሽጉጥ አሳጥቶኛል። የሂዳያን ጣት ግትር አድርጎ አስቀርቶታል። ተሰማ ለምን ለቀቀ? ለአቶ አብዱልሰመድ ንገረዋ፤ በራሱ ፈቃድ ነው?»

አብዱልሰመድ ወደ ደሳለኝ ዞረ። «ስለ ተሰማ የምታውቀው ነገር ምንድን ነው?»

«ሰነፎች ነበሩ» አለ ደሳለኝ። «ጌታዬ፣ ይህ ሥራ እንዲህ ነው።»

ፈይዛ ከመኪናው ኋላ የመጠጥ ውሃውን ጄሪካን አወረደችና እግሩ ሥር አኖረችው። «ያዘው። እስኪወድቅ። እኔ በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ ይዤዋለሁ።»

አያነሳውም ብላ ነበር። ሰው ሁሉ ስለሚያየው አነሳው። ገና አምስት ሳይቆጠር ጣቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱና ጄሪካኑ ወደቀ፤ ውሃው አሸዋው ላይ ፈሰሰ። እጁን ቶሎ ወደ ኪሱ ሊከት ሞከረ፣ ጣቶቹ ግን አልታጠፍ ብለው የኪሱን አፍ ነካክተው ቀሩ። ያኔ ነው ሁሉም ያየው። ለካ ሲያስተምር ሽጉጡን ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነበር የሚያሲዘው። ዓመታት ሙሉ ሲተኩስ አይተውት አያውቁም።

«እኛን እንዲህ ነው ያስተማሩን» አለ፤ ድምፁ ወርዶ ነበር። «በጠጠር ላይ፣ በጣት። ሃያ ዓመት ሆነኝ፣ ሸሚዜን ሚስቴ ነው የምትቆልፍልኝ።»

ፈይዛ እዝነት ሲመጣባት ተሰማት፤ እሱም አናደዳት። «እያወቅህ?» አለችው። «የራስህ እጅ እንዲህ ሆኖ እያየህ የኛን ሰበርክ?»

አብዱልሰመድ ሰዉን ወደ መኪና እንዲገባ አዘዘ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈይዛ ያሰበችውን ያህል አልነበረም። የጄሪካኑ ሥልጠና ቀረ። ደሳለኝ ግን አልተባረረም፤ አብዱልሰመድ በዚህ ዕድሜው የት ይሄዳል ብሎ መሣሪያ መዝጋቢ አደረገው። ለተሰማ ተደወለለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ለሂዳያ ሕክምናዋን ድርጅቱ ችሎላት፣ ከተሻላት በኋላ እንደገና እንድትፈተን ደብዳቤ ተጻፈ፤ ፈይዛ ራሷ መናኸሪያ ወሰደችላት።

ሂዳያ ደብዳቤውን አነበበችና አጥፋ ከማንጎው ሥር አስቀመጠችው።

«አልመለስም» አለች።

«ሂዳያ፣ በአላህ፣ ስንት ነገር ተሠርቶ ነው...»

«አውቃለሁ፤ አላህ ይስጥሽ። ግን እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሜ እንደገና ሰው እጄን ሲያየው አልፈልግም። እዚህ ማንም አያየውም። ሕክምናውን ግን እሄዳለሁ፤ ደብረ ሲና ብርድ ነው ይላሉ፣ ነጠላሽን ታውሺኛለሽ።»

ፈይዛ ልትከራከራት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠቻት። ወደ ሥራ ስትመለስ በጠራራው ፀሐይ በፍጥነት ትራመድ ነበር። በሂዳያ አልነበረም የተናደደችው። የተናደደችባቸው ብዙ ነበሩ፤ አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ይሻላት ነበር።

የመሣሪያ ክፍሉ መስኮት ላይ ደሳለኝ መዝገቡን ከፍቶ ተቀምጧል። እስክሪብቶውን በጣቶቹ ሳይሆን በመዳፉ ነው የያዘው። ሽጉጧን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። ፈረመች። ሰላም አላለችውም፣ እሱም አልጠበቀም።