ቲቸር ዮፍታሔ አያጨስም

ባሌ አያጨስም። አሰላን ጠይቁ። ከጎበሳ ተዛውሮ ከመጣ አምስት ዓመት ሆነው፤ ሲጋራ ይዞ ያየው አንድ ሰው የለም። የትምህርት ቤቱ የፀረ ሱስ ክበብ ሰብሳቢ ነው። ሰልፍ ላይ ስለ ሳንባ ሲናገር እኔ ራሴ ሰምቼው እንባዬ መጥቷል።

የሚያጨሰው ቤት ነው። በር ዘግቶ፣ መጋረጃ ስቦ፣ ተማሪ እንዳያየው፣ እድርተኛ እንዳያሸተው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነው። ስሙን እሱ ይይዛል፣ ጭሱን እኔና የአራት ዓመቷ ልጃችን ኤፍራታ እንካፈላለን። ውጣና አጭስ ስለው የጭላሎ ብርድ ሳንባ ይጎዳል አለኝ፣ እግዜር ያሳያችሁ። መስኮት ልክፈት ስል ደግሞ ሽታው ጎረቤት ይደርሳል። ጎረቤት ያሳዝነዋል፤ ልጁ አታሳዝነውም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት፣ ሰሞኑን ሲር ሲር ሲል የከረመው የኤፍራታ ደረት ጭራሽ ተዘጋ። ከንፈሯ ሲጠቁር ነፍሴ ከሥጋዬ ተለየች። ባጃጅ ያስቆሙልን እማማ ከዲጃ ናቸው፤ ሱቃቸው ከበራችን ፊት ለፊት ነው። አብረውን ክሊኒክ ገቡ።

ልጅቷ መድኃኒቱን በጭምብል ስባ ትንፋሿ መለስ ሲል ሐኪሙ ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ባሌ ኮርኒሱን ማጥናት ጀመረ። እማማ ከዲጃ ስለ እሱ ተቆጡ፤ ወላሂ እንዲህ ያለ ጨዋ በአርሲ የለም አሉ። እሱ ኮርኒሱን አጥንቶ አልጨረሰም። ልጁ ጭምብሉን እንዳጠለቀች ታየዋለች። ያኔ ደሜ ፈላ።

«አለ» አልኩ። «የማጨሰው እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ እኔን መከረኝ። መስኮት መክፈትም ሆነ ሌላ ክፍል መግባት አያድናትም፣ ቤት ውስጥ አንድም እንዳይለኮስ፤ አለዚያ ደግሞ ይነሳባታል፣ ሁልጊዜም እንደ ዛሬው ላይደረስላት ይችላል አለኝ። ሁለተኛ አይለምደኝም ብዬ ማልኩ። ባሌ ጫማውን ያያል።

እማማ ከዲጃ ሱቃቸው እስኪደርሱ ከተማው ሰማ። የእድር ሴቶች ሊመክሩኝ መጡ፤ አንዷ ምን ጎደለብሽ ብላ አለቀሰችልኝ። ቲቸርን ደግሞ እንዴት ቻልካት አሉት። ሦስት ቀን አንገቱን እንደ ሰማዕት ደፍቶ ሐዘኔታቸውን ተቀበለ። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና ለኮሰ።

ከአፉ ነጠቅኩት። በርጩማ ይዤ ወጣሁና የግቢው በር ላይ ተቀመጥኩ፣ ሲጋራው በእጄ እየጨሰ። ተማሪ የሚለቀቅበት ሰዓት ስለነበር መንገዱ ሞልቷል። እማማ ከዲጃ አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው መጡና ስለ አላህ ብለሽ ግቢ ልጄ ብለው ለመኑኝ።

«ውስጥ ልጅ አለች፣ እማማ» አልኳቸው። «ሐኪሙ ከልክሎኛል፣ ሰምተዋል።»

ባሌ በነጠላ ጫማ ወጣ። የክበቡ ልጆች ከፊት ቆመዋል፣ እነዚያ ስለ ሳንባ ያስተማራቸው። ተመልሶ የሚገባ መስሎኝ ነበር። ኤፍራታን ከኋላው ደጃፉ ላይ ሳል ያዛት። ዞሮ አያትና እጄ ላይ ያለውን ተቀበለኝ።

«የኔ ነው» አለ። ወደ ክበቡ ልጆች ዞረ። «ሁሉም የኔ ነው። እሷ አጭሳ አታውቅም።»

ከሰብሳቢነቱ ወረደ። ተወ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁን የሚደብቀው ነገር ስለሌለ ካፖርቱን ደርቦ ከግቢው ውጭ ቆሞ ያጨሳል፤ እማማ ከዲጃ ከሱቃቸው ሆነው ይገላምጡታል። ብርዱና ግልምጫው ተባብረው ከፓኮ ወደ ሦስት ፍሬ አውርደውታል። ኤፍራታ ክረምቱን ሙሉ አንድም ቀን ሲር ሳትል ከረመች።

የእድር ሴቶች ግን ዛሬም ሊመክሩኝ ይመጣሉ። በዚህ ዝናብ ባል ደጅ ይቆማል ወይ፣ ሳንባውን ብርድ ቢመታውስ ይሉኛል። ይችለዋል እላቸዋለሁ፤ የእሱ የትልቅ ሰው ሳንባ ነው።