የሽሮ ሜዳው አራስ

መሰለች ልጇን ያሰባችው በገዛ እጇ ነው፤ እሷም አትክድም። በሬ የሚሰባው ሊታረድ ነው፤ ጌጡ ግን የሰባው እንዳይታረድ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ትልቁ ልጇ ዓለሜ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በመጀመሪያው የብሔራዊ ውትድርና ዙር ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። በሁለተኛው ካልሲ ላኩልኝ አለ፤ ካልሲው ተላከለት፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ሞተ የሚል ወረቀት አልመጣ፣ አለ የሚል አልመጣ። አባቱ ወልዱ ሸማ ሠሪ ነበር፤ ይህንኑ ሲያብሰለስል በዓመቱ አረፈ። ሽሮ ሜዳ ያለው ቤት ውስጥ እናትና ትንሹ ልጅ ቀሩ፤ እሷ ነጠላ እየሸጠች፣ ጌጡ ካባቱ የሽመና ጉድጓድ ገብቶ መወርወሪያ እየወረወረ።

ጌጡ ሃያ ዓመት ሲሞላው የሱም ተራ ደረሰ። ልጁ ሲፈጠርም ደንደን ያለ ነው። መርማሪው የጦር ሐኪም ሚዛን ላይ አቁሞት ሳቀና «ይኼን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ በቅሎ ከየት ይመጣል?» አለ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጻፈበት፤ ብቁ አይደለም፣ በየዓመቱ ይታይ።

መሰለች ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ሳመችው። ግን ያቺ «በየዓመቱ ይታይ» የምትለዋ ነገር እንቅልፍ ነሳቻት። ልጁ ለከርሞ ቢከሳስ? ምን ታድርግ እናንተዬ! ማብላት ጀመረች። ወንድሟ ከጨንቻ ቡላና ለጋ ቅቤ ይልክላታል። ጠዋት ቅቤ የጠጣ የቡላ ገንፎ፣ ረፋድ ላይ አጥሚት፣ ቀን ጨጨብሳ፣ ማታ የተገኘው ሁሉ። በዐቢይ ጾም እንኳ ቅቤው አልተቋረጠም። ለነፍስ አባቷ «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» ብላ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም የዓለሜን ነገር ያውቃሉና አቀርቅረው መስቀል አሳለሟት።

የሰፈሩ ሴቶች ምላሳቸው መቼ ያርፍና! «መሰለች ቤት አራስ አለ» ይባል ጀመር። በበሩ ሲያልፉ «አራሱ እንዴት አደረ?» ይላሉ። ጌጡም መጀመሪያ ላይ አብሯቸው ይስቃል። «ደኅና ተገላግያለሁ፤ ወንድ ነው!» ይላል ከውስጥ።

በሁለተኛው ዓመት ተመዘነ፤ ቀረ። በሦስተኛው ተመዘነ፤ ቀረ። የቀበሌው የምልመላ ኃላፊ ጓድ ግዛቸው ባለፈ ቁጥር አንገቱን ብቅ አድርጎ ያየውና ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል። መሰለች በልቧ እልል ትላለች።

ሳቁ ግን ከጌጡ ላይ ቀስ በቀስ ተነነ። መጀመሪያ የሽመናው ጉድጓድ አልቀበል አለው፤ ሆዱ ከዕቃው ጋር ይጋፋል፣ እጁ ድሩ ላይ አይደርስም። ሥራውን ተወ። ከዚያ የታክሲው በር እምቢ አለው። ከዚያ ዳገቱ። በመጨረሻ ቤቱ ውስጥ መደብ ላይ ቁጭ ብሎ የሚውል የሚያድር ሰው ሆነ። ሲጋደም ትንፋሽ ስለሚያጥረው የሚተኛውም ተቀምጦ ነው። እግሩን በጣት ሲጫኑት ሥፍራው ጎድጉዶ ይቀራል። መሰለች ይህን ሁሉ እያየች አላየሁም ትል ነበር። በሰማንያ አንድ ጥቅምት ለአራተኛ ጊዜ ብቁ አይደለም ተባለ፤ በሳምንቱ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ግቢው ውስጥ ተዘረረ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። አራት ወንድ ነው ተሸክሞ ያነሣው።

የሆስፒታሉ ሚዛን አልቻለውም። ዕቃ ግምጃ ቤት ወስደው እህል በሚመዘንበት ባስኩላ መዘኑት፤ መቶ ሃምሳ አንድ ኪሎ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የሚያስተረጉመው በነርሷ በሲስተር ይርጋለም ነው።

«ጨጓራውን ቆርጦ ያሳንሰዋል» አለች ሲስተር። «ለጨጓራ ቁስል የሚሠሩትን ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሲበላ ይጠግባል፣ ይከሳል። ካልሆነ ግን እማማ፣ ልቡ ዓመት አትቆይም። ደግሞም አሁን እንዳለ ቢያደነዝዘው አይነቃም። መጀመሪያ ሃያ ኪሎ መቀነስ አለበት። ጎመን፣ ምስር፣ አንድ ስስ እንጀራ፤ በቃ። ጮማም ቅቤም የሚባል ነገር እንዳያይ።»

«እሺ በይ እማዬ» አላት ጌጡ እጇን ይዞ። «እኔ እኮ ከሬሳ የምለየው በመቀመጤ ብቻ ነው።»

«እሺ» አለች መሰለች። በአፏ ነዋ! ሆዷ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ከሳ ማለት ለሷ ሄደ ማለት ነው። ካልከሳ ደግሞ ይቀብራታል፤ ማለቴ፣ እሷ ትቀብረዋለች። ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል። የቁስቋሟን እመቤት «አንዱን መንገድ ዝጊልኝ» ብላ ለመነቻት፤ የትኛውን እንደሆነ ግን ራሷም አታውቅም።

ጌጡ ጎመኑን መብላት ጀመረ። ሆዱ ሲጮህ ይስቃል፣ ውሃ ይጠጣበታል፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ቀን ይቆጥራል። መሰለችም ጎመኑን ትቀቅላለች። ቀቅላ ታወጣለች። አውጥታ ታየዋለች። ከዚያ እጇ፣ ልማድ ሆኖበት ነው እንበል፣ ወደ ቅቤው ቅል ይሄዳል። አንድ ጭልፋ ብቻ። እንዳይሸት ቅመም የሌለውን፣ ሽንኩርት አብዝታ። «ባዶውን አይወርድለትም» ትላለች ለራሷ። ምስሩም ላይ እንዲሁ። ሲያላምጥ ሲያጣጥም እያየች ደስ ይላታል፤ ደስ ማለቷ ደግሞ ያስፈራታል።

በወሩ ሄዱ። ባስኩላው ላይ የቀነሰው ሁለት ኪሎ ብቻ ሆነ። ሐኪሙ ቱግ አለ። ሲስተር ይርጋለም አንገቷን ደፍታ «ተደብቆ ይበላል ነው የሚለው። አልጋውን ለሌላ እሰጣለሁ እያለ ነው» አለች።

ጌጡ ክው አለ። «እኔ? እኔ ተደብቄ?» ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ከተሰጠኝ ጎመን በቀር ቅቤ የሚባል ነገር አፌ ገብቶ እንደሆነ፣ ዓለሜ ይሙት!»

መሰለች ምድር ዞረባት። ዓለሜ ይሙት! ያ ካልሲ አድርጎ የትም ይሁን የት፣ ምናልባት አንድ ተራራ ላይ በሕይወት ያለ ልጇ፣ እሷ በጨመረችው ቅቤ በሐሰት ተማለበት። ልጁ ሳያውቅ ነው፤ መሐላው ግን ማወቅ አለማወቁን መቼ ይጠይቃል?

«አትማል!» ብላ ጮኸች። «ባፌ መልሼዋለሁ፣ ባፌ መልሼዋለሁ! እኔ ነኝ! ቅቤውን እኔ ነኝ የምጨምርበት! እሱ አያውቅም!»

ሐኪሙ ለምን ብሎ ጠየቀ፤ ይህንን ሳይተረጎምላትም ገባት። «ከከሳ ይወስዱብኛላ!» አለች። «አንዱን ወስደውብኝ የለም? የት አደረሱልኝ?»

ሲስተር ይርጋለም በሩን አየች። ከዚያ ለፈረንጁ አንድ አጭር ነገር ነገረችው፤ የመሰለችን ቃል አልነበረም። ጠጋ ብላ «እማማ፣ ይህን ቃል እዚህ ሁለተኛ እንዳይናገሩት» አለቻት።

ሲመለሱ ጌጡ ጎረቤት በለመነላቸው ፒክአፕ ኋላ ተቀምጦ መጣ። ቤት ገብቶ መደቡ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው የተናገረው።

«ልትደብቂኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የደበቅሽኝ ቦታ ውስጥ አየር የለም፣ እማዬ።»

«እዚያ መሄድ ይሻለኛል ነው የምትለው?»

«አልልም። መሞት አልፈልግም፤ እዚህም እዚያም። መተንፈስ ነው የምፈልገው።»

መሰለች የዚያኑ ዕለት ቅሉን ተሸክማ ለጎረቤቷ ለጽጌረዳ ሰጠች። ጽጌረዳ «አራስሽን በምን ልትጠይቂው ነው?» ብላ ልትቀልድ ጀመረችና ፊቷን ስታይ ተወችው።

ሃያው ኪሎ ወረደ፤ በየካቲት ቀደዱት። ከደረቱ ሥር እስከ እምብርቱ ያለ ስፌት ነው። ሦስት ሳምንት በአፍንጫው ቱቦ ገብቶለት፣ ሲያስል ትራስ ሆዱ ላይ እየጫነ፣ እናቱን «አንድ ጉንጭ ውሃ» እያለ እየለመነ ከረመ፤ ጉንጭ ውሃውም ተከልክሏል። ሲወጣ ሲስተር ይርጋለም ለመሰለች ሲኒ አሳየቻት። «በዚህ ይለኩ። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ። ወደፊትም ቢሆን አብዝቶ የበላ እንደሆን፣ በተለይ ቅባት፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ይወድቃል።»

እንግዲህ የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። የሽሮ ሜዳ ሰው ሁሉ በሽተኛ ሊጠይቅ ድስት ይዞ ይመጣል። «በሞቴ ይቺን ብቻ! አፈር ስሆን!» ጉርሻው ካፉ ደጃፍ ይደርሳል። መሰለች መካከል ገብታ እጅ ትይዛለች። «ተይው! ትንሽ ነው የሚበላው!» ያቺ ሴት ስታበላ የኖረች፣ አሁን የልጇን አፍ ዘብ ቆማ ትጠብቃለች። አንዳንዱ ተቀየማት። ይቀየም!

ጌጡ ከወር ወር ሟሸሸ። ጉንጩ ሲወርድ ከሥሩ አጥንት ወጣ፣ አገጭ ወጣ፣ ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ዓለሜ ሆኖ ከመደቡ ተነሣ። መሰለች ሳህን ይዛ ነበር፤ ወደቀባት። በክረምቱ መጨረሻ ከጉድጓዱ ገባ፤ ዕቃው ተቀበለው። ያ ስንት ዓመት ዝም ያለ ቤት ጧ ጧ ይል ጀመር። በመስከረም እስከ ቁስቋም በእግሩ ወጥቶ ተሳልሞ ተመለሰ። ላቡን እየጠረገ «አላረፍኩም እማዬ፣ አንዴም አላረፍኩም!» አላት። እሷም ስማው ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ደስታ ነው እንዳትሉ፣ ፍርሃት ነው። ፍርሃት ነው እንዳትሉ፣ ደስታ ነው።

የሽመናው ድምፅ ለሷ ብቻ አይሰማም። ጓድ ግዛቸው አንገቱን ብቅ አደረገ፤ ቆመ፤ ከዚያ ገባ።

«ጌጡ ነህ?»

«ነኝ።»

«አበጀህ፤ ሰው ሆነሃል» አለ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞሮ «ማክሰኞ ምርመራ አለ፤ ወይዘሮ መሰለች፣ እንዳይቀር» አላት።

የሆስፒታሉን ወረቀት አወጣችለት። ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ ስድስት ጊዜ ይበላል የሚል ነው። ግዛቸው ገልብጦ አየው። ክፉ ሰው እንኳ አይደለም፤ ፊቱ ጠቁሯል። «ዘንድሮ ወረቀት አይሠራም፣ እናቴ። የኔንም ልጅ አልማረልኝም» አለና መለሰላት።

ማክሰኞ ጠዋት መሰለች ቡላ አገነፋች። ከጽጌረዳ ቅቤ ለምና አመጣች። ገበቴው ሙሉ ነው። ከበላው ይወድቃል፤ መርማሪዎቹ ፊት ይወድቃል፤ ሆስፒታል ይተኛል። ሆስፒታል የተኛን ማን ያዘምታል? ብቻ ቢነሣ ነው። ባይነሣስ?

ጌጡ ገበቴውን አየ፣ እናቱን አየ። ወዲያው ገባው።

«ስጪኝ» አለ። «ካልሽ እበላዋለሁ።» አፉንም ከፈተላት፤ እንደ ሕፃን ከፈተላት።

ማንኪያው ካፉ አጠገብ ደርሶ ቆመ። ይህን አፍ አንድ ጊዜ በሞት ሞልታዋለች፤ ሁለተኛ አልቻለችም። ማንኪያውን ወደ ራሷ መለሰችና ገንፎውን ፊቱ ቁጭ ብላ፣ እንባዋ ከቅቤው እየተቀላቀለ፣ እስኪያልቅ በላችው። ለሱ አንድ ሲኒ አጥሚት ሰጠችው። ጠጣና ሄደ።

ከምርመራው ማንም ወደ ቤት አልተመለሰም፤ ብቁ የተባለው ሁሉ ከዚያው ከቀበሌው ግቢ ሊጫን ነው ተባለ። መሰለች ስትሮጥ ደረሰች። እናቶች አጥሩን ይዘው ይጮኻሉ። የጭነት መኪናው ከፍ ያለ ነው፣ መወጣጫ የለውም፤ ልጆቹ እየተደጋገፉ ይወጣሉ። ጌጡ ተራው ሲደርስ ጠርዙን በሁለት እጁ ያዘ፣ አንድ እግሩን ጎማው ላይ አሳረፈ፣ ብድግ! ማንም ሳይደግፈው ላይ ሆነ።

አራት ወንድ ተሸክሞ ያነሣው ልጅ! የመሰለች ልብ ዘለለ። ደስ አላት፤ እንዴት ደስ አይላት? አጠገቧ ያለችውን ሴት ክንዷን ይዛ «አየሽልኝ? ልጄን አየሽልኝ?» አለቻት። ሴትዮዋ እያለቀሰች ነበር፤ ግራ ገብቷት አየቻት። መሰለችም ያየችው ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

መኪናው ተነሣ። ተከትላ ሮጠች። ኋላ ጠመንጃ ይዞ የተቀመጠውን ወታደር «አንተ ወንድሜ! ያ ልጅ ስፌት አለበት! በቀን ስድስት ጊዜ ነው የሚበላው! ትንሽ ትንሽ ነው! አንድ አንድ ሲኒ ስጡት!» አለችው።

ወታደሩ ጉንጩ የሰረጎደ ልጅ እግር ነው። ሊያሾፍባት አልፈለገም፤ እውነቱን ነው የነገራት።

«አያስቡ እናቴ» አለ። «እኛ ጋ ከዚያ በላይ የሚሰጥ የለም።»

መኪናው ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ወረደ።