ሁለተኛው ፍሬን

መኪናው ከቆመ አራተኛ ወሩን ይዟል። ግቢው ጥግ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ስር አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። ሚስትየው በየቅዳሜው ጣሪያው ላይ የረገፈውን ቅጠል ትጠርግና መስታወቱን ትወለውላለች። ባልየው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያያታል። ተይው አይላትም፣ ጎሽም አይላትም።

መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለማጆቹ የሚጠሩት ጋሽ ቀስበል እያሉ ነው። ሞተሩ ገና ሳይነሳ “ቀስ በል” ማለት ስለሚጀምር የወጣለት ስም ነው፤ እውነተኛ ስሙን ሳያውቁ መንጃ ፈቃድ ያወጡ ስንትና ስንት ናቸው። ከጎናቸው ሲቀመጥ እግሮቹን እሱ በኩል ካሉት ሁለት ፔዳሎች ላይ ያሳርፋል። የማስተማሪያ መኪና ስለሆነ በአስተማሪው በኩልም ፍሪሲዮንና ፍሬን ተገጥሞለታል። ለማጁ ተደናግጦ ነዳጅ የረገጠ ቀን እሱ ፍሬኑን ይይዛል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ “እንደገና አስነሳው” ይላል።

ስኳር ካለበት ቆይቷል። የእግሮቹ ጣቶች ከደነዘዙም እንዲሁ፤ ግን ስለማያሙት ትቶት ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ የቀኝ እግሩ ካልሲ በደም ርሶ አገኘው። ጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትሰረስረው ውላ፣ እሱ ሦስት ለማጆች አስተምሮ ገብቷል። ቁስሉ አልድን አለ። ሐኪሙ እግሩ ከጉልበቱ በታች መቆረጥ እንዳለበት ሲነግረው “እሺ” አለ። ሐኪሙ ያልገባው መስሎት ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመለት።

“ገብቶኛል። እሺ” አለው።

እግሩ ተቆርጦ ቤት ከገባ በኋላ ዘመድ ጎረቤቱ እየመጣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ያለቀሰም አለ። እሱ እንባም አልመጣለት፣ ንዴትም አልመጣለት። ሲያቀርቡለት ይበላል፣ ሲያወሩት ይሰማል፤ ግን የሚሰማው ሁሉ ከግድግዳ ማዶ እንዳለ የጎረቤት ሬዲዮ ነበር። ወሬው ይደርሰዋል እንጂ እሱን አይመለከተውም።

የመኪናውን ጉዳይ ያነሳው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። መኪና ደላላ ነው፤ ምላሱ ቅቤ፣ እግሩ የማያርፍ፣ ግን ለእህቱ ቤት ክፉ አስቦ የማያውቅ ሰው።

“ጋሼ፣ ይሄ መኪና ለእርስዎ ከእንግዲህ አይሆንም” አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። “ሦስት ፔዳል በአንድ እግር ማን ይረግጣል? አውቶማቲክ አይቼልዎታለሁ። ማርሽ መቀያየር የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። ይሄን እንሰጣለን፣ ትንሽ ጨምረን ያንን እንወስዳለን። ባለቤቱ ዶክተር ነው፣ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ብቻ የነዳው ነው።”

“አንተ የምታመጣው መኪና ሁሉ የዶክተር ነው” አለች እህቱ።

“ምን ላድርግ፣ ዶክተሮች መኪና ይወዳሉ።”

እሷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ናት። አርባ ድርብ ጨርቅ አነባብራ፣ መስመሩን ሳትስት በአንድ ጊዜ የምትቆርጥ ሴት ስለሆነች ሳትለካ የምትወስነው ነገር የለም። ስለዚህ በማግስቱ ወደ መካኒኩ ደወለች። መካኒኩ የባሏ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነው፤ የመኪናውን ሆድ ከባለቤቱ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። እሱ ደግሞ በተቃራኒው ነገራት። ነዳጅ መስጫውን ወደ ግራ ማዞር ይቻላል፣ ፍሪሲዮኑን ከማርሹ ዘንግ ጋር በእጅ የሚያዝ ማድረግ ይቻላል፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ በፊትም ሠርቷል። ሞተሩ ገና ነው፤ ምን በወጣው ይሸጣል?

ሁለቱንም ለባሏ ዘርዝራ ነገረችው።

“እንዳላችሁ” አላት።

“እንዳላችሁ ማለት ምን ማለት ነው? መኪናው ያንተ፣ እግሩ ያንተ።”

“የተሻለውን አድርጉ።”

ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ቧንቧው ተከፍቶ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማ። እያለቀሰች መሆኑን አወቀ። መነሳት እንዳለበትም አወቀ። ክራንቹ አጠገቡ ነበር። አልተነሳም።

ቅዳሜ ደላላው አውቶማቲኩን ይዞ መጣ። ነጭ ነው፣ ወንበሩ ገና ላስቲኩ አልተላጠም። ከሰፈሩ መጋዘኖች ኋላ ወዳለው ሰፊ ሜዳ ወሰደውና መሪውን አስያዘው። ባልየው ግራ እግሩን ወደ ፔዳሎቹ አሻግሮ ነዳጅ ነካ አደረገ፤ መኪናው ያለ ድምፅ ሄደ። መልካም ነበር። ሜዳውን አንድ ዙር ዞሩ።

“አዩ? በቅቤ ላይ ነው የሚሄደው” አለ ደላላው። “እስኪ እዚያች በርሜል ጋ ያቁሙት።”

ግራ እግሩ ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን ደግሞ እስከ ወለሉ ድረስ ነው የሚረገጠው። እንደ ልማዱ ረገጠ። መኪናው ባለበት ተተከለ፤ ቀበቶ ያላሰረው ደላላ በግንባሩ ሄዶ ዳሽቦርዱን ተሳለመ። ስልኩ በረረ፣ መነጽሩ ጭኑ ላይ ወደቀ።

“ፍሬኑ ይሠራል” አለ ደላላው ግንባሩን እያሸ። “ይሄን በደንብ አይተናል።”

ሌላ ጊዜ ቢሆን ባልየው ለሳምንት የሚስቅበት ነገር ነው። አሁን መነጽሩን አንስቶ ሰጠው። ሁለተኛም ሞከሩ፣ ሦስተኛም፤ በሦስተኛው እግሩ ልብ መግዛት ጀምሮ ነበር። ችግሩ እሱ አልነበረም። መሪውን እንደያዘ ወደ ፊት ሲያይ፣ መኪናውን ቢወስደውም ባይወስደውም ያው እንደሆነ ተሰማው። የሚሄድበት ቦታ አልታየውም። ሲመለሱ ደላላው “እንግዲህ ይንገሩኝ” ቢለው “ጥሩ መኪና ነው” ብቻ አለው።

ሰኞ ሚስቱ ከሥራ ቀርታ መካኒኩ ጋ በታክሲ ይዛው ሄደች። አሮጌውን መኪና መካኒኩ አስቀድሞ ወስዶት ነበር። ጋራዡ የተቃጠለ ዘይትና የጎማ ሽታ ይሸታል። በሮቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተው፣ የአሽከርካሪው ወንበር ወጥቶ ግድግዳው ስር ተቀምጧል። ባልየውን እሱ ላይ አስቀመጡት።

መካኒኩ ወለሉ ላይ ተንጋሎ፣ በባትሪ እያበራ ማስረዳት ጀመረ። “ነዳጁን ወደዚህ አመጣዋለሁ። ለፍሪሲዮኑ የሚሆን ገመድም አለ። እነዚህን ያንተን በኩል ሁለቱን እፈታቸዋለሁ፤ ብረታቸውም ይጠቅመኛል፣ ቦታውም ይለቀቃል። ከእንግዲህ ምን ያደርጉልሃል?”

“አይወጡም” አለ ባልየው።

ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም። መካኒኩ ግን ከወለሉ ቀና አለ፤ ሚስቱም ዞረች። በአራት ወር ውስጥ እምቢ ሲል ሲሰሙት የመጀመሪያቸው ነው። እሱ ራሱ ቃሉ ከየት እንደመጣ አላወቀም። ልቡ አልመታም፣ ፊቱ አልጋለም። እንዲሁ ከአፉ ወጣ።

“እሺ፣ አይወጡም” አለ መካኒኩ ቀስ ብሎ። “ግን ንገረኝ፣ የትኛው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው? አንዱን ልሥራው እንጂ ሁለቱን አልችልም።”

ባልየው ከተቀመጠበት ከመሪው ማዶ ወደ ተከፈተው በር ተመለከተ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ ድረስ የተቀመጠው በዚያኛው በኩል ነው። መሪ የሚይዘው ቤት ሲመለስ ብቻ ነበር። ለካ ሹፌር ሆኖ አያውቅም።

“በዚያኛው” አለ። “ፍሪሲዮኑን ብታወጣው ግድ የለም። ፍሬኑን ወደ ግራ አምጣልኝ፣ ሰፋም አድርገው።”

“ፍሪሲዮን ሳትይዝ ፍሬን ብትረግጥ ሞተሩ ይጠፋል።”

“ይጥፋ። መቆሙ አይደል የሚፈለገው።”

መካኒኩ አገጩን በቆሸሸ እጁ አሸት አሸት አደረገ። “የሚያስኬድ ነገር ነው” አለ። “ግን ማን ነው የሚነዳው? ሰው እስክትቀጥር…”

“እኔ” አለች ሚስቱ።

ለሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ሁለት ጊዜ አስተምረኝ ብላው ነበር። ባል ሚስቱን መኪና ካስተማረ ወይ መኪናው ይጎዳል ወይ ትዳሩ ብሎ በሳቅ አልፎታል። እሷም ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም። አሁን ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት እንደምታደርገው፣ የአሽከርካሪውን በር ስፋት በዓይኗ ትለካ ነበር።

“እሺ” አለ ባልየው።

እሑድ መኪናውን መካኒኩ እስከ ሜዳው ነድቶ አደረሰላቸውና ሲጋራውን ይዞ ራቅ ብሎ ቆመ። ሚስትየው መሪውን ያዘች። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፋባት፣ ቀጥሎም ጠፋባት። በሦስተኛው እየተንዘፈዘፈ ሄደ። እሱ ለማንም እንደሚናገረው ይናገር ነበር፦ ዓይንሽን ከማርሹ አንሺ፣ ራቅ አድርገሽ እይ፣ ፍሪሲዮኑን አትወርውሪው። በርሜሉ ሲቀርብ እሷ የትኛውን እንደምትረግጥ ጠፋት፤ ግራ እግሩ ግን ቀድሞ ሰፊው ፔዳል ላይ ነበር። መኪናው ቆመ፣ ሞተሩ ጠፋ።

እሷ እጆቿን ከመሪው አላነሳችም።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለች። “እውነቱን ንገረኝ። አዝነሃል? ወይስ ተቆጥተሃል? በእኔስ ተቀይመሃል?”

“አላዘንኩም” አላት። ትንሽ ቆየ። “ምንም የለም። ፈልጌ ነበር። ምንም አላገኘሁም። እንደዚያ እንደ ጠጠሯ ነው፤ እንዳለች አላውቅም።”

“የምትጠላኝ መስሎኝ ነበር።”

“አልጠላሽም። ጓዳ ውስጥ ስታለቅሺ እሰማሻለሁ። መነሳት እንዳለብኝ አውቃለሁ።”

“ታዲያ ለምን አትነሳም?”

“አላውቅም።”

እንዲህ ማለቱ ሊያስከፋት ይችል ነበር። እሷ ግን ትከሻዋ ወረደ፤ አንድ ነገር ተለክቶ ቁጥሩ የታወቀ ይመስል። በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። “ምንም ካልተሰማህም ተነስ” አለችው። “ተነስተህ በሩ ጋ ቁም። እኔ የሚሰማህን አልጠየቅኩህም።”

አሰበበት። ይህን ማድረግ ይችላል። “እሺ” አላት፣ ይህም ከሐኪሙ ፊት ካለው እሺ ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ነበረው።

ደላላው አውቶማቲኩን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሌላ ሰው አስማማ። መኪናውን የመረመረው የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሰው ሰፊውን ፔዳል በእጁም በእግሩም ሞከረው፤ ራሱን ነቀነቀ፣ ተጨማሪ ወረቀት አስሞላ፣ ሁለት ጊዜ መለሳቸው፣ በሦስተኛው ማህተም መታ። ሚስትየው በመጀመሪያው ፈተና ወድቃ በሁለተኛው አለፈች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት እሷ ትነዳለች፤ ማስተማሪያው ሜዳ ታደርሰውና ከዚያ በእግሯ ወደ ፋብሪካው ትሄዳለች።

ሰው ሠራሽ እግሩ መጥቶ ሲለካለት ቁስሉ ላይ አላርፍ ብሎ ተመለሰ፤ ሌላ እየጠበቀ ነው። ማታ ማታ ሚስቱ ጓዳ ውስጥ ዝም ስትል ክራንቹን ይዞ ሄዶ በሩ ጋ ይቆማል። የሚለው ነገር ስለሌለው የታጠበውን ሳህን እየተቀበለ ያደርቃል። አንድ ሁለቱ ከእጁ ወድቀው ተሰብረዋል።

የመጀመሪያዋ ለማጅ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ነበረች፤ ጎህ ሳይቀድ ጀምራ ስትሠራ የምትውል፣ ክንዷ ላይ የምድጃ ጠባሳ ያለባት ሴት። በሁለተኛው ቀን ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተትባት ደንግጣ መሪውን ለቀቀች። እሱ መኪናውን በፍሬኑ ያዘው። ከኋላ የነበረው ታክሲ ጥሩምባውን ነፋ፣ ነፋ፣ ከዚያ በጎን አልፎ ሄደ።

“ጋሼ፣ እኔ አልችልም፤ ይቅርብኝ” አለች፤ ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፈነች።

የሚያጽናና ቃል ፈለገ፣ አላገኘም። እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሳ፣ እጆቿን ከፊቷ ላይ እስክታወርድ ጠበቃት። ጊዜ ወሰደ።

“የእጅ ፍሬኑን ሳቢ” አላት። “አዎ፣ እንደዚያ። አሁን አስነሺው።”