በኔ ዓመት የተጠመቀው ባሮሎ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልናገር? ሰሞኑን ቅናት ሊገድለኝ ነበር። እውነቴን ነው!

ፒያሳ እያለን ጎረቤታችን አንድ ባለግሮሰሪ ጣልያን ነበር። ለአባዬ ባሮሎ የሚባል የአገሩን ቀይ ወይን አንድ ጠርሙስ ሰጠው፤ እኔ በተወለድኩበት ዓመት የተጠመቀ። በነሱ አገር እንዲህ ያለው ወይን ከልጅ ጋር ያድጋል አሉ። ልጅቷ ስትደርስ ይከፈታል። ደርግ መጥቶ ስንሰደድ ሰው ወርቁን ሲደብቅ አባዬ ጠርሙሱን በጋቢ ጠቅልሎ መጣ። ይኸው እዚህ በተሰደድንበት ከተማ በቬርኒየ፣ ከፎቁ ሥር ካቭ በሚሉት ምድር ቤት ውስጥ ተጋድሞ ኖረ።

ዘንድሮ ትምህርት ጨረስኩ። በቃ ይከፈታል ብዬ ስጠብቅ አባዬ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ቅዳሜ ዙሪክ እንሄዳለን። ባሮሎውን ለሕብስት እንከፍትላታለን።»

ሕብስት! የአክስቴ የሂሩት ልጅ! የመልቀቂያ ፈተናውን፣ ማቱራዋን፣ በአንደኝነት አልፋ ሕክምና ልትገባ ነዋ። እኔ ያለፍኩት ለጥቂት ነው። ለኔ የተከፈተልኝ ፋንታ ነው።

«አባዬ፣ የኔ አይደል እንዴ?»

«እሷም የዚያው ዓመት ልጅ ናት። አባቷን ደርግ ባይበላባት እሱ ይከፍትላት ነበር።»

አባት በሌላት ልጅ ይቀናል? እኔ ግን ቀናሁ።

ባቡር ውስጥ ደግሞ ጠርሙሱን ያቀፍኩት እኔ! «ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ አተላው እንዳይነሳ» ይለኛል በየጣቢያው። የሕብስት ወይን ሞግዚት ሆኜ ዙሪክ ገባሁ።

አክስቴ ቤት እንደደረስን አባዬ ከፈተና ቀስ አድርጎ ወደ ብርጭቆ ማንቆርቆሪያ ገለበጠው። «ስንት ዓመት ታፍኖ የኖረ ነው። እስከ እራት ይተንፍስ፤ ማንም እንዳይነካው» ብሎ እንግዶች ሊቀበል ወደ ትራም ፌርማታው ወረደ።

እሱ ከመውጣቱ አክስቴ ገባች። ቀመሰችው። ፊቷ ጭምድድ!

«ውይ በሞትኩት! ወንድም ጋሼ ያን ሁሉ ዘመን ያስቀመጠው ሆምጣጤ ነው እንዴ? ቀለሙም ሳስቶ ሻይ መስሏል። እንግዳ ፊት ሊዋረድ ነው!»

ከፍሪጅ ኮካ አወጣች። የኛን ሰው ታውቂው የለ፣ ጉደርን እንኳ ያለ ኮካ የማይጠጣ! «ትንሽ ኮካ ያስተካክለዋል» አለች።

እይልኝ እንግዲህ። ዝም ብል አለቀ። የሕብስት ባሮሎ ኮካ ይሆናል፣ እኔ እጄ የለበትም። ልቤ «ተያት፣ ትጨምር» ይለኛል። እጄ ግን ማንቆርቆሪያውን አፉን ክድን!

«አክስቴ፣ ተይው!»

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«አልተበላሸም! ጠባዩ ነው። ደረቅ ነው፣ መጀመሪያ ምላስ ይቆነጥጣል። ቀለሙ ሳሳ ማለቱም የዕድሜ ነው። አባዬ ስንቴ ነግሮኛል! የኔ ዓመት ነው!»

«ጉድ በሉ! ወይን አሳዳጊ ሆናለች» ብላ ስቃ ኮካውን መለሰች።

እራት ላይ አባዬ መጀመሪያ ለሕብስት ቀዳ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለኔ እንዲህ ሆኖልኝ ያውቃል? ሕብስት ፉት አለችና ዓይኗን ጨፈነች። «ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል» አለች። ሰው ሁሉ አደነቃት።

ተራዬ ደረሰ። ድዴን ቆንጠጥ አደረገኝ።

«ለኔ አስፋልት አስፋልት ነው የሸተተኝ» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«አትሳቁ» አለ አባዬ። «ሁለቱም አለበት።»

እሺ ይኑርበት! ግን ለምን ጽጌረዳው ለሷ፣ አስፋልቱ ለኔ? እስክንመለስ ድረስ ባቡሩ ውስጥ ስቃጠል መጣሁ።

በነጋታው ሻትሌን የሚባለው ሰፈር ወርጄ ለጓደኛዬ ለምንትዋብ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እንዴት እንደቀናሁ፣ እንዴት እንደተንገበገብኩ። እሷ ማስቲካዋን እያኘከች ሰማችኝና ምን አለችኝ መሰለሽ፣ አንድም ቃል ሳልጨምር ልንገርሽ፦

«ሂጂ ወዲያ! የምር ቀናተኛ ብትሆኚማ ኮካውን ከፍተሽ የምታቀብያት አንቺ ነበርሽ።»