ኦሞ ዳር የተኛው ሳጥን

ሶፊያንን አትውቀሱብኝ። እሱ ሱቁ ውስጥ ያለውን ሸጠ፤ መርጬ የገዛሁት እኔ የሺመቤት ነኝ።

ጂንካ ገበያው ጥግ ሬዲዮና ሶላር እጠግናለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት ካንጋተን፣ ኦሞ ዳር የሚተከል የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሳጥን አሠራኝ። ሳጥኑ የውሃውን ከፍታ እየለካ ይመዘግባል፤ ድንገት ሲሞላ ሳይረን ይጮኻል። ይህን ሁሉ የሚያዘው ፕሮግራም ያለው ሜሞሪው ላይ ነው። ሜሞሪው ከሞተ ሳጥኑ በድን ነው።

ሙቀት የሚችለው፣ ቦርዱ ላይ የሚበየደው ፍላሽ ሜሞሪ ከአዲስ አበባ መታዘዝ ነበረበት። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ መጠበቅ አልወድም። ጎረቤቴ ሶፊያን ሱቅ ሄጄ የስልክ ሜሞሪ ካርድ አነሳሁ። "ወላሂ፣ ከዚህ የሚፈጥን የለም" አለኝ። "ከፈጠነ ይበቃኛል" አልኩት። አፌን በቆረጠው! ጂንካ፣ ደጃፌ ነፋሻ አየር ላይ ስሞክረው ዝንፍ ሳይል ሠራ። ካንጋተን ግን ጂንካ አይደለም፤ እዚያ የብረት ሳጥን ውስጥ እንቁላል ይቀቀላል። ያውም ካርዱ ደቂቃ በደቂቃ ሲጻፍበት አርጅቶ የሚበላሽ ነው። ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸቴን ነው።

ስንተክለው የወንዙ ጠባቂ ጅሩ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ጠባቂነቱን ከአባቱ ነው የወረሰው። ማሽላው እስኪታጨድ ወንዙ ዳር ያድራል፤ ውሃው ሲመጣ ቀንድ ነፍቶ ሰዉን ያስነሳል። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ደም መስሏል። አንጀቴን በላው።

"በቃ፣ ከእንግዲህ ቤትህ ተኛ። ይሄ አይተኛም" አልኩት። ሳቀና ሳጥኑን መታ መታ አደረገው።

ጎርፉ የመጣ ለት ሳጥኑ ትንፍሽ አላለም። ውሃው ለአጨዳ የደረሰውን ማሽላ ከነፍየሎቹ ጠራርጎ ወሰደው።

ተጠርቼ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጅሩ ከፊታቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አስተርጓሚዬ ዳዊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ተኝቶ አስበላን ብለው ጠባቂነቱን ሊነጥቁት ነው" አለኝ።

ሳጥኑን ከፈትኩት። ካርዱ ጣት ያቃጥላል። ላፕቶፔ ላይ ብሰካው ምንም አያነብም። ይዤው ወደ ዛፉ ሄድኩ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። "የማይሆን ዕቃ መርጬ ያስገባሁት እኔ፣ ተኛ ያልኩትም እኔ። እሱን ተዉት።" ዳዊ አንድም ቃል ሳያስቀር ተረጎመ።

የስድብ ናዳ ጠበቅሁ። ትልቁ ሽማግሌ ግን ረጋ ብለው መለሱልኝ። "ዕቃ ይበላሻል። አንቺ እንግዳ ነሽ፤ እውነቱንም ነገርሽን፤ ተባረኪ። እሱ ግን ወንዙን ያውቀዋል። ለምን ተኛ?"

ጉድ እኮ ነው! አጥፊዋ እኔ ተመረቅሁ፣ እሱ ተቀጣ። ጠባቂነቱን እዚያው ለሌላ ሰው ሰጡት። ብለምን፣ ባለቅስ የሚሰማኝ አጣሁ።

ጂንካ ተመልሼ ያዘዝኩት ትክክለኛው ፍላሽ ከአዲስ አበባ መጣልኝ። መጀመሪያ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ አስመታሁት፤ ከዚያ ይዤው ወደ ካንጋተን ወረድኩ። ቦርዱ ላይ በይጄ ሳይረኑን ስሞክረው መንደሩ ተናወጠ፤ ልጆች እየሳቁ ጆሯቸውን ያዙ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ዕቃዬን ስሰበስብ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ጅሩ ቀንዱን ይዞ መጣ። ሲተኛ ራሱን የሚያሳርፍባትን ትንሽ በርጩማ ሳጥኑ ሥር አስቀምጦ ተቀመጠባት። ማንም አላዘዘውም።

"ጅሩ፣ ይሄኛው ሙቀት ይችላል። ፈትኜዋለሁ። በእናትህ፣ ሂድና ተኛ" አልኩት።

ሳጥኑን ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ እኔን።

"አንቺ ሩቅ መጣሽ፣ ደከመሽ" አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። "አንቺ ተኚ። እኔ አለሁ።"

ነገር መፈለጉ አልነበረም፤ ከልቡ አዝኖልኝ ነው። ምናለ በሰደበኝ!