የክሌቮን ወንበር

ኦዜላ ፔቲግሩ የሟች ባሏ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደምታድር በሜከን ከተማ የአዲስ ተስፋ ቤተ ክርስቲያን የማያውቅ ሴት የለም። ክሌቮን ከሞተ ወዲህ አልጋዋን ትታ፣ እሱ ኳስ እያየ እንቅልፍ ይጥለው የነበረበት ቡናማ የቆዳ ወንበር ላይ ነው የምትተኛው። ነገሩ በተነሣ ቁጥር ባል የሞተባቸው ሴቶች ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ባሎቻቸው በሕይወት ያሉት ደግሞ «እኔ እንኳ ለሰውዬዬ ይህን ማድረጌን እንጃ» ይላሉ።

ኦዜላ ወሬውን አላስተባበለችም። መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር። ወንበሩ የክሌቮን የመላጫ ቅባት ይሸት ነበር፤ እሷም ፊቷን ወደ መደገፊያው አዙራ ትተኛ ነበር። ሽታው ለቅቆ ወደ አልጋዋ ልመለስ ብላ ጋደም ስትል ግን፣ አንድ ወፍራም ሰው ደረቷ ላይ የተቀመጠ ያህል ትንፋሽ አጠራት። ቀና ስትል ተዋት። ጋደም ስትል መልሶ መጣ።

ለሐኪም አልነገረችም አይባልም። ግራጫ ሙሉ ልብሷን ለብሳ፣ ላባ ያለውን ባርኔጣዋን ደፍታ ሄዳለች። እናቷ «ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ለፋሲካ እንደምትለብሺው ልበሺ፤ አለበለዚያ ሰው ነሽ ብለው አያዩሽም» እያለች ነው ያሳደገቻት። ሐኪሙ የልጅ ልጇ በሚሆን ዕድሜው «ሚስ ፔቲግሩ» ማለት ሲገባው «ኦዜላ» ብሎ በስሟ ጠራት። ማዳመጫውን ከአንገቱ ሳያወርድ ወገቧን አንድ ጊዜ አየት አደረገና «ባልሽ በቅርቡ ነው የሞተው አይደል? ሐዘን ነው። ትንሽ ክብደት ቀንሺ» አላት። ኦዜላ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ባርኔጣዋን አወለቀችና፣ ይህን ነገር ከእንግዲህ ለማንም ላትናገር ለራሷ ቃል ገባች። ፍቅር ነው ካሉም ፍቅር ይሁን። ከውፍረት ይልቅ የሚያስከብር በሽታ ነው።

በዚያው ሰሞን የእህቷ ልጅ ሬኒታ አትላንታ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይዛ መጣች። ጥናቱ ጥቁር ሴቶች ሕመማቸውን ሲናገሩ ሐኪም ቤቶች ለምን እንደማይሰሟቸው የሚመረምር ነበር። ሬኒታ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ለመነች፤ ፓስተሩም በጸሎት ከፈቱላት። ሴቶቹ «ዶክተር ልትጠይቀን ነው» ሲባሉ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ጓንታቸውን አጥልቀው መጡ።

ቨርዲ ሜይ ከኦዜላ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛ ናት። የአዳራሹን ደረጃ የወጣችው መደገፊያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ሸርጣን በጎኗ እየሄደች ነበር።

«ሚስ ቨርዲ ሜይ፣ ዛሬ ሕመምዎ ምን ያህል ነው?» አለቻት ሬኒታ።

«ተባርኬአለሁ የኔ ልጅ።»

«እሰይ። ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር ሲሆንስ?»

«በቁጥር ሲሆንም ተባርኬአለሁ።»

ቀጥላ የገባችው ሉቬኒያ ጣቶቿ በቁርጥማት ተጣመው ብዕር መያዝ ያቅታቸዋል። «ዜሮ» አለች። «ከዜሮ ዝቅ የሚል ካለም እሱን ጻፊልኝ።»

ማምሻውን ሬኒታ በአክስቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ግንባሯን ደፋች። «አክስቴ፣ በእኔ ጥናት መሠረት በሜከን ያለች ጥቁር ሴት ምኗንም አሟት አያውቅም።»

«እንኳን ደስ አለሽ፤ ጤነኞች ነን።» ኦዜላ ጣፋጩን ሻይ በበረዶ ቀዳችላት።

«አትሳቂብኝ! የሚመጣው ቅዳሜም ዜሮ ከሆነ ኃላፊዎቼ ጥናቱን ከዚህ ነቅለው ሌላ ከተማ ይወስዱታል። ከዚያ አንዱ ይነሣና ‹እነዚህ ሴቶች ምንም አልሆኑም፤ ራሳቸው ብለዋል› ብሎ ይጽፋል።» ቀና ብላ አየቻት። «አንቺስ? እስቲ እውነቱን ንገሪኝ።»

«ተባርኬአለሁ» አለች ኦዜላ። መልሷ ለራሷም ፈጠነባት።

ረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም ነበር። ሬኒታ ከአክስቷ ጎን ተቀመጠች። ፓስተሩ «የጸሎት ርዕስ ያላችሁ?» ሲሉ ሉቬኒያ ተነሣች።

«እኔ ደህና ነኝ፤ ጌታ ይመስገን። ግን ለእህት ቨርዲ ሜይ ጸልዩላት፤ ጉልበቷ አልቋል። ትናንት ከመኪና የወረደችው አማቿ እንደ ማቀዝቀዣ ተሸክሟት ነው። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም።»

ቨርዲ ሜይ ወንበሩን ተደግፋ ቀስ ብላ ቆመች። «ጌታ ይባርክሽ እህቴ። እኔም የእህት ሉቬኒያ እጆች ነገር ሸክም ሆኖብኛል። ሊጥ መምታት ካቃታት ቆየች። ያ ሁላችንም የምንወደው ኬክ ከሱቅ ተገዝቶ ሳህን እየተቀየረለት ነው የሚመጣልን።»

«ጌታ ሆይ!» አለ ጉባኤው። ለእጆቹ ይሁን ለኬኩ አልታወቀም።

ከዚያ ጸሎት የሚለመነው ማዶ ለማዶ ሆነ። የአንዷ ወገብ፣ የሌላዋ ማሕፀን፣ ሐኪም «ምንም የለብሽም» ብሎ መልሷት መንገድ ላይ የወደቀችው፣ ሁሉም በጓደኛ አፍ ወጣ። ስለ ራሷ የተናገረች አንዲትም አልነበረችም። ሬኒታ የአክስቷን ክንድ ጨመቀች።

«አክስቴ፣ እስከ ዛሬ የምጠይቀው የተሳሳተ ሰው ነበር!»

ኦዜላ ልትስቅ ብላ ሳቋ መንገድ ላይ ቀረ። ስለ እሷ የምትጠየቀው ቨርዲ ሜይ እንደሆነች ገብቷታል። ቅዳሜ ራሴን አሞኛል ብላ ብትቀርስ? ያም ሕመም ነው፤ ይጻፋል።

ሬኒታ ለኃላፊዎቿ ደውላ አስፈቀደች። ቅዳሜ ሴቶቹን ሁለት ሁለት አድርጋ አስቀመጠችና «ጓደኛዎ ስለ እርስዎ ብትናገር ይፈቅዳሉ?» ብላ እያንዳንዳቸውን ጠየቀች። ምን እንደሚባልባት ለመስማት ያልጓጓች ስላልነበረች ሁሉም ፈቀዱ። ኦዜላም እምቢ ብትል ዓይን ውስጥ እንዳትገባ ፈርታ ራሷን ነቀነቀች። አዳራሹ ወዲያው ገበያ ሆነ።

«ዘጠኝ በዪላት!»

«የምን ዘጠኝ? ሰባት ነው!»

«አንቺ ስታቃስቺ በግድግዳ የምሰማው እኔ አይደለሁም? ዘጠኝ ጻፊ፣ ልጄ!»

ተራው የኦዜላና የቨርዲ ሜይ ሆነ። ቨርዲ ሜይ ቀብር አስፈጻሚው ለማስታወቂያ የሚያድለውን የወረቀት ማራገቢያ አጣጠፈች።

«እውነቱን ልናገር? ክሌቮንን አውቀዋለሁ፤ ቀብሩ ላይ ከእሷ በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ደግ ሰው ነበር። ግን ሴትን ይህን ያህል ጊዜ ወንበር ላይ የሚያሳድር ወንድ አልተፈጠረም።»

«ቨርዲ ሜይ!»

«ቆዪ፣ አልጨረስኩም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ተቀብላ የምታስቀምጠው ፎቁ ላይ ነበር፤ አሁን በር ላይ ቆማለች። ነፋስ እወዳለሁ ትላለች። ነጭ ጫማዋን ጠበበኝ ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። እግር በዚህ ዕድሜ ያድጋል? መዝሙር ላይ ማራገቢያዋን አፏ ላይ ስታደርግ ሰው ሁሉ አለቀሰች ይላል። አታለቅስም። ትንፋሽ እየለቀመች ነው።»

አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ጭቅጭቃቸውን አቆሙ። ኦዜላ ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች። ከተናገረች ያ ወንበር የበሽተኛ ወንበር ይሆናል። ሴቶቹ ዓይናቸውን የሚጠርጉለት፣ ክሌቮን በዚህ ከተማ ስሙ የሚነሣበት ነገር ይቀራል። የዚያ ሐኪም ፊትም መጣባት፤ ወገቧን ያየበት አስተያየት።

ሬኒታ ብዕሯን አስቀምጣ ነበር። «አክስቴ፣ ጋደም ስትዪ ምን ትሆኛለሽ?»

«ተባር…» ኦዜላ ቃሉን መሀሉ ላይ ተወችው። ጠረጴዛውን እያየች «ስምንት» አለች።

«ስምንት?» ቨርዲ ሜይ ከወንበሯ ልትነሣ ብላ ጉልበቷ መለሳት። «እኔ እኮ ስድስት ልል ነበር! አንቺ ውሸታም! ስምንት ይዘሽ ነው ባለፈው ሳምንት የእኔን ቅርጫት የተሸከምሽው?»

«ያንቺ ጉልበት ስንት ሆኖ ነው?»

«ዘጠኝ!» አለች ቨርዲ ሜይ ሳታስበው። ከዚያ አፏን በማራገቢያው ሸፈነች። ሬኒታ ብዕሯን አንሥታ ጻፈች።

ሰኞ ሁለቱ ጓደኛሞች ወደ ሌላ ክሊኒክ ሄዱ። ኦዜላ ላባውን ባርኔጣ ደፍታለች፤ ቨርዲ ሜይ ከዚያ የሚበልጥ ደፍታ በሩ ጠቧታል። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት።

«እንዴት ነዎት፣ ሚስ ፔቲግሩ?»

«ተባርኬ…»

የቨርዲ ሜይ ክርን ጎኗን አገኘው።

«ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል» አለች ኦዜላ። «ሐዘን ነው እንዳትዪኝ። ሐዘኑን ለብቻው አውቀዋለሁ።»

ሐኪሟ ማዳመጫውን ከአንገቷ አወረደች። ፊት አዳመጠች፣ ጀርባ አዳመጠች፣ ያበጠውን ቁርጭምጭሚቷን በጣቷ ተጫነች። ምርመራው ልቧ ደክሞ ሰውነቷ ውኃ መቋጠሩን አሳየ። መድኃኒት ተጀመረላት፤ ጨውም ተከለከለች። ከሁሉ የከበዳት የጨው ነገር ነው።

የሬኒታ ጥናት እዚያው ሜከን ቀጠለ። የኦዜላም አልጋ ተነጠፈ፤ በሁለት ትራስ ተጋድማ እስኪነጋ ትተኛ ጀመር። ጫማዬን መልሺልኝ ብትላት ቨርዲ ሜይ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ቨርዲ ሜይ የዶሮ ጥብስ በሳህን ሸፍና፣ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ኦዜላ ባርኔጣዋን እንኳ ሳታወልቅ ቡናማው ወንበር ላይ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ፊቷ ወደ መደገፊያው ዞሯል።

«ምነው? ትንፋሽሽ ነው? ሬኒታ ጋ ልደውል?»

«ትንፋሼ ደህና ነው» አለች ኦዜላ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ይሄኛው ክሌቮን ነው።»

ቨርዲ ሜይ ሳህኑን አስቀምጣ ጉልበቷን እያባበለች ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። 

«ስንት?»

ኦዜላ አሰበች። «ከአሥር በላይ ካለ እሱን ጻፊልኝ።»

ቨርዲ ሜይ ቁጥር አልተከራከረችም። የሳህኑን ክዳን አነሣችና፣ ጨው ሳይነካው የተጠበሰውን ትልቁን ጭን ለይታ ሰጠቻት።