በግራ የምትጠልቅ ፀሐይ

ሠዓሊውን ባስቲያኖን የሰደበው ሌላው ሠዓሊ ኦራዚዮ ቤልፊዮሬ ነው፤ ነገሩ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ቀኑ የቅዱስ ዮሴፍ በዓል፣ ሰዓቱ ከቅዳሴ መልስ፣ ቦታው የሮማ ሠዓሊዎች በየዓመቱ በዓሉን ጠብቀው ሥራቸውን የሚሰቅሉበት ክብ ሆኖ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን በረንዳ፣ ከመግቢያው በስተቀኝ ካለው ወፍራም አምድ ሥር። ባስቲያኖ ከዚህ ሁሉ አንዲትም ነገር አልዘነጋም። ኦራዚዮ የተላጠ ብርቱካን ይዞ እንደነበር እንኳ ያስታውሳል።

«ዛፎቹስ ዛፍ ናቸው» ነበር ያለው፣ ጭማቂውን ከጣቱ እየላሰ። «ሰዎቹ ግን... ምን ታደርጉታላችሁ፣ የኖርቻ አሳማ አራጅ ልጅ ነው! ተገፎ የተሰቀለ ካልሆነ ሥጋ ለባሽ አይቶ አያውቅም!»

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ይህ ብቻ ቢሆን ባስቲያኖ ይረሳው ነበር፤ ቢያንስ ለራሱ እንደዚያ ይላል። አልረሳ ያለው አባቱን ነው። አባቱ እንደ ተራራማው አገሩ እንደ ኖርቻ ሰው ሁሉ የብርዱን ወራት ሮማ ወርዶ፣ ከቤት ቤት እየዞረ አሳማ ሲያርድ ከርሞ፣ ወደ ተራራው ከመመለሱ በፊት የልጁን ሥራ ለማየት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ቀልዱ አልገባውም። ሰው ሲስቅ አይቶ አብሮ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ባስቲያኖ ሰው ሥሎ አያውቅም። ይህ በሮማ ነውር አይደለም፤ መልክዓ ምድሩን አንዱ ይሥላል፣ ሰዎቹን ሌላው ይጨምራል። ባስቲያኖ ኮረብታውን፣ ወንዙን፣ የፈረሰውን ቤተ መቅደስ፣ ከሩቅ ሰማያዊ ጭጋግ የለበሰውን ተራራ ይጨርስና ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ባዶ ይተዋል። ገዢዎች ደግሞ በዚያች ቦታ ከኦራዚዮ በቀር የማንም እጅ እንዲገባ አይፈልጉም። ኦራዚዮ ይመጣል፤ ቆሞ እያፏጨ አንዲት እረኛ ወይም አንድ መልአክ ያስቀምጣል፤ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ «የኦራዚዮ» ነው። ቅጠል በቅጠል ሲለፋ የከረመውን ሰው ማንም ስሙን አያነሣውም።

ዘንድሮ ግን ባዶዋን ቦታ ራሱ ሞላት። በትልቁ ካህን በሞንሲኞር ስካልቬቲ የታዘዘው ሥዕል ነበር። ኦራዚዮን «ገና አልደረቀም፣ ቆይ» እያለ ሲሸነግል ቆይቶ፣ በሩን ዘግቶ የሞተ አባቱን ሣለው። መልአክ አላደረገውም፤ እረኛም አላደረገውም። ቢላዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ የያዘ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ወደ ተራራው የሚመለስ ሽማግሌ አደረገው። ሲጨርስ ብሩሹን አስቀምጦ ቁጭ አለ። ሽማግሌው ጅማት አለው። ሥጋ ለባሽ ነው። በበዓሉ ቀን፣ እዚያው አምድ ሥር፣ «ሰውየውን ማን ሣለው?» ሲባል «እኔ» ሊል ቆረጠ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያመነዥካት የኖረው ይህችን አንዲት ቃል ነው።

ቀኑ ደረሰ። በረንዳው ሰው በሰው ሆነ።

«ይሄ ቅዱስ ዮሴፍ ነው?» አለች አንዲት ዓሣ ሻጭ፣ ሥዕሉ ፊት ቆማ። «ታዲያ ማርያምን የት ጥሏት መጣ?»

«አህያው አልሄድ ብሏት ይሆናላ» አለ ባሏ።

ባስቲያኖ አልሳቀም። ሞንሲኞሩ ሰዉን እየሰነጠቁ ሲመጡ ከአምዱ ሥር ወደ ፊት ወጣ አለ። እሳቸው ግን ከሱ ትከሻ በላይ አሻግረው ከኋላ ለቆመው ሰው ተናገሩ።

«ኦራዚዮ፣ ዘንድሮስ ራስህን በለጥህ! ይህ ሽማግሌ አፍ አውጥቶ ሊያናግረኝ ነው የሚመስለው።»

የባስቲያኖ አፍ ተከፈተ። ቃሏ ምላሱ ላይ ነበረች። ግን ኦራዚዮ ቀድሞት ወደ ሸራው ተጠጋ። ጢሙ ሸብቷል፤ በትሩን የያዘው እጁ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይዋን አየ። ሽማግሌውን አየ። መልሶ ፀሐይዋን አየ። ባስቲያኖ ዓይኑን ተከትሎ ሲሄድ ያላየውን አየ።

ፀሐይዋ የምትጠልቀው በግራ ነው። ዛፎቹ፣ አምዶቹ፣ ውኃው፣ ሁሉም ወርቃቸውን ከግራ ተቀብለዋል። የአባቱ ጉንጭና እጅጌ ግን የበሩት በቀኝ በኩል ነው። የሥራ ቤቱ መስኮት በቀኝ ነበር፤ የገዛ ሸሚዙን እዚያ ሰቅሎ፣ እሱን እያየ ነበር የሣለው። በአንዲት ቅጠል ብርሃን ተሳስቶ የማያውቅ ሰው፣ አባቱ ላይ ሲደርስ ተሳሳተ። አሁን «እኔ» ቢል ይህንንም «እኔ» ማለቱ ነው። በረንዳውን የሞላው ደግሞ ሠዓሊ ነው።

«እርጅና ነው አባታችን» አለ ኦራዚዮ ጮክ ብሎ። «ብርሃኑን በማይሆነው ጉንጭ ላይ አሳረፍኩት። ዓይኔ ከዳኝ። የባስቲያኖ ፀሐይ ትክክል ናት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ምነው ኦራዚዮ፣ ከቅዳሴው ወይን ቀምሰህ ነው እንዴ የሣልከው?» አለ አንዱ። በረንዳው እንደገና በሳቅ ተናጋ። ኦራዚዮ ጎንበስ ብሎ ሳቁን ተቀበለ። ሞንሲኞሩም ፈገግ ብለው ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፉ።

ሰዉ ፈቀቅ ሲል ኦራዚዮ ተጠጋው።

«ሸሚዙን አውቄዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ቀን አባትህ አብሮን ሲስቅ አይቼዋለሁ። ብርቱካኑ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።»

ባስቲያኖ ባርኔጣውን ከወለሉ አነሣ።

«ፊቱን አልነካብህም። ይኸው እጄን ታየዋለህ፣ እንደ ድሮው አይደለም። ብርሃኑን ብቻ ወደ ግራ ላዙረው? ካልሆነም አሁኑኑ ሄጄ ለሞንሲኞር ‹የሱ ነው› ልበላቸው። የቱን ትፈልጋለህ?»

ባስቲያኖ ለፌዝ መልስ ነበረው፤ ለንቀትም፣ ለቅናትም ነበረው። ሌሊት ሌሊት ሲያሰላስላቸው፣ እንደ ቢላ ሲስላቸው ኖሯል። ለዚህ ደግነት ግን አልተዘጋጀም ነበር። ሰውየው የአባቱን ሥዕል በሁሉ ፊት የራሱ አድርጎ ወሰደበት፤ አሁን ደግሞ ያቺን የቆየች የስድብ ቂም እንኳ ሊወስድበት እጁን ዘርግቷል።

ሥዕሉን አየ። በዚያ ሁሉ የምሽት ወርቅ መሐል ሽማግሌው ብቻውን የሌላ ቦታ ብርሃን በርቶበት ወደ ተራራው ይሄዳል።

ባርኔጣውን ደፋና ደረጃውን ወረደ።

«ባስቲያኖ!» አለ ኦራዚዮ ከኋላው። «ኧረ አንተ ሰው፣ ምን ልበላቸው?»

ባስቲያኖ ባዶ እጁን እንደ ሥዕሉ ሽማግሌ በብብቱ ሸጉጦ፣ የዓሣ ሻጮቹን ጠረጴዛ እየታከከ፣ ወደ አደባባዩ ፀሐይ ወጣ።